«አብቁተ» ጸደይ ባንክ ሆነ፤ ገበሬውስ?

ወገኔ፣ «የራሳችን ባንክ አለን» ስትል ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም እላለሁ፣ ስልም ደስ ይለኛል። ግን ዛሬ እስቲ ረጋ ብለን አንድ ነገር እንነጋገር። አንድ ባንክ «የራሳችን» የሚሆነው በምንድን ነው? በስሙ ነው? በአርማው ነው? ኃላፊዎቹ የኛ ልጆች ስለሆኑ ነው?

የማወራህ ስለ ጸደይ ባንክ ነው። አንተ ጸደይ ትለዋለህ። እናትህ ግን እስከ ዛሬ «አብቁተ» ነው የምትለው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም። ይሄ የስም ልዩነት ቀላል እንዳይመስልህ፤ ሙሉ ጉዳዩ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከስሩ እንጀምር። ተቋሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአመልድ ስር እንደ ሙከራ ነው የተጀመረው። መንግሥት አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትን የሚፈቅደውን አዋጅ ቁጥር 40ን በ1988 ዓ.ም ሲያወጣ፣ በ1989 ዓ.ም ፈቃድ አግኝቶ ራሱን የቻለ አክሲዮን ማህበር ሆነ። ያኔ ገጠር ውስጥ ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም። ከተማ ያለውም ባንክ ቢሆን ቤት አስይዝ፣ መኪና አስይዝ ነው የሚልህ። ገበሬው ምን ያስይዝ? መሬቱ አይሸጥ አይለወጥ። በሬው ነገ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚቀረው አራጣ ነበር፤ በወር ከመቶ አስር ብር የሚጠይቅ፣ ስትዘገይ ወለዱ ወለድ የሚወልድ አራጣ። ክረምት ላይ አንድ ኩንታል እህል ተበድሮ፣ ጥር ላይ ሁለት ኩንታል ሰፍሮ የከፈለ አያት የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አብቁተ ያመጣው ዘዴ ቀላል ነው። ንብረት የሌለህ ከሆነ፣ ጎረቤትህ ዋስህ ይሁን። አምስትም ሰባትም ሆነው አንድ ቡድን ይመሰርታሉ። ብዙ ቡድኖች ተሰብስበው ማዕከል ይሆናሉ። አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ከብድሩ ጋር ቁጠባም ግዴታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ሰው ያስቀመጠው የብድር ጣሪያ 5,000 ብር ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስደው። ጥቂት መቶ ብር። ሁለት በግ።

የእኔ እናት እዚያ ቡድን ውስጥ ነበረች። ሰባት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ጠላ ትጠምቃለች፣ አንዷ ሙክት ታደልባለች፣ እናቴ ሽንኩርትና ጌሾ ገበያ ታወጣለች። የብድር ሠራተኛው ልጅ እግር ነበር፤ ቦርሳ አንግቶ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ በእግሩ ይመጣል። ማዕከሉ የሚሰበሰበው ከዋርካው ስር ነው። ስሙ ሲጠራ የቀረ ሰው ይቀጣል። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ስብሰባ እንደ ዕድር ነበር የማየው፤ በኋላ ሳስበው ዕድርም ነበር። ከሰባቱ የአንዷ ባል ድንገት ሲሞትባት፣ የቀሩት ስድስቱ በየወሩ እያዋጡ ክፍያዋን ጨረሱላት። ማንም አላዘዛቸውም ብልህ እዋሻለሁ፤ ሕጉ ነው ያዘዛቸው። ግን ሲያዋጡ አንዷም አላጉረመረመችም። እናቴ እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን የቁጠባ ደብተሯን ከመስቀልና ከመሬት ደብተሯ ጋር በአንድ ከረጢት ነው የምታስቀምጠው።

ወርቃማ ዘመን ነበር እያልኩህ አይደለም። የቡድን ዋስትና ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። ወለዱ ከአራጣ ይሻላል እንጂ ርካሽ አልነበረም። «ማን ይበደር» ብሎ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የቀበሌ ሰው ስለሚቀመጥ፣ ከሹሙ ጋር የተኳረፈ ገበሬ ብድር አገኛለሁ ብሎ ልቡን አይጥልም ነበር። ይሄን የሚክድ ካለ ገጠር አልኖረም። ያም ሆኖ ያንን የሚያህል የገንዘብ ተቋም፣ ያንን ያህል ቀበሌ ድረስ ወርዶ፣ በሰው እምነት ላይ ብቻ ቆሞ ሲሰራ ያየነው የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ከሌሎች ባንኮች የሚለየውን ነገር ልብ በል። ለምሳሌ ዓባይ ባንክን ውሰድ። ስሙ የኛ ወንዝ ነው፣ ብዙ የኛ ሰዎችም ባለአክሲዮን ናቸው፤ ግን የግል ባንክ ነው። ትርፍ ሊያመጣ የተቋቋመ፣ ለባለአክሲዮኑ የሚመልስ። እሱንም ነውር አንለውም። አብቁተን ግን ያቋቋሙት የክልሉ መንግሥት፣ አመልድ፣ አልማና መሰል የክልሉ ድርጅቶች ናቸው። ባለቤቱ ግለሰብ አይደለም። እነዚህ ድርጅቶች ደግሞ የሚኖሩት ባንተ ስም ነው፤ ለአልማ በየወሩ ከደመወዝህ ስትቆርጥለት የኖርከው አንተ ነህ። ስለዚህ ከማንም በላይ «ይሄ ባንክ ምን እየሰራ ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ያለህ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ ትልልቆቹ የብድር ተቋማት ወደ ባንክ እንዲያድጉ በሩን ከፈተ። የኦሮሚያው ስንቄ ባንክ ሆነ፣ የደቡቡ ኦሞ ባንክ ሆነ፣ የሶማሌው ሸበሌ ባንክ ሆነ፣ የኛው ደግሞ ጸደይ ሆነ። ሥራ ሲጀምር ከአራት መቶ በላይ ቅርንጫፎች ይዞ ነው የመጣው። ሌላ አዲስ ባንክ ይሄን ለማግኘት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ያንን ሁሉ ቅርንጫፍ የሰራው ማነው? የመስታወት በሩ ነው? አይደለም። እነዚያ ሰባት ሴቶች ናቸው።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ባንክ መሆን ማለት ምን ማለት ነው? መልካም ነገር አለው፤ ትልቅ ብድር መስጠት ትችላለህ፣ የውጭ ምንዛሪ ትሰራለህ፣ ለነጋዴው ዋስትና ትጽፋለህ። አደጋው የት እንዳለ ግን በሂሳብ ላሳይህ። አንድ የብድር ባለሙያ ለአንድ ባለሀብት አሥር ሚሊዮን ብር ለማበደር አንድ ፋይል ያዘጋጃል። ይሄንኑ አሥር ሚሊዮን ብር ለገበሬ በአሥር አሥር ሺህ ቢያከፋፍለው አንድ ሺህ ፋይል ነው። አንድ ሺህ ሰው መጎብኘት፣ አንድ ሺህ ሰው መከታተል። የሁለቱ ወለድ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ የቱን ይመርጣል? ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሂሳቡ ነው የሚገፋው። ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳይወስነው፣ ባንኩ ቀስ በቀስ ከዋርካው ስር ተነስቶ ወደ ፎቁ ይወጣል። በየአገሩ እንዲህ የሆኑ የድሃ ባንኮች ሞልተዋል።

ያ ደግሞ ሲሆን ገንዘቡ አቅጣጫ ይቀይራል። ከእብናት፣ ከመካነ ሰላም፣ ከመሐል ሜዳ የተሰበሰበ ቁጠባ ወጥቶ የአዲስ አበባ ፎቅ ይሆናል። ገበሬው ቆጣቢ ሆኖ ይቀራል፤ ተበዳሪው ሌላ ነው። ጸደይ ይሄን አድርጓል አላልኩም። እንዳያደርግ የሚያግደው ምንድን ነው ነው የምለው። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚጠይቅ ሕዝብ።

ምን እንጠይቅ? እኔ ከገበሬው አቆጣጠር ነው የምጀምረው።

የገበሬው ብድር የሚከፈለው እህል ሲገባ ነው፣ ጥርና የካቲት። ይሄ በወረቀት ላይ ልክ ይመስላል። ግን ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ እዳ ለመክፈል እህሉን ገበያ ሲያወጣ ምን ይፈጠራል? ዋጋ ይወድቃል። ገበሬው ጤፉን በርካሽ ሸጦ እዳውን ያወራርዳል። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ያንኑ ጤፍ በውድ ይገዛል። የማይገዛበት ሲያጣ ደግሞ እንደገና ይበደራል። ትርፉን የወሰደው ነጋዴው ነው፤ ድካሙ የገበሬው፣ እዳውም የገበሬው። ይሄንን በየዓመቱ እናየዋለን፣ እንደ ዝናብ ተፈጥሯዊ ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። የክፍያ ቀን ግን ሰው የጻፈው ነው። ሰው የጻፈውን ሰው ይቀይረዋል። ሁለት ሦስት ወር መግፋት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ አስብ። እህሉን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ መበደር የሚፈቅድ ሕግ ደግሞ አገሪቱ ላይ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቡናና ሰሊጥ ላይ ሲወራ ሰምተናል። ለጎጃም ጤፍና በቆሎ፣ ለፎገራ ሩዝ ለምን አይሆንም? ከጸደይ በላይ ይሄንን መስራት የሚችል ማን አለ?

ሁለተኛው መሬቱ ነው። የክልላችን ገበሬ በፎቶግራፍ የተደገፈ የይዞታ ደብተር ከያዘ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የባልም የሚስትም ፎቶ ያለበት። የክልሉ የመሬት አዋጅ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፤ አብቁተም በሁለተኛው ደረጃ ካርታ ማበደር ከጀመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በ2016 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አዋጅም ይሄንኑ ይዟል። በ2011 ዓ.ም የወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ ከብትና ሰብል የመሰለውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ማስያዝ ፈቅዷል። ስለዚህ «ገበሬ ምን ያስይዛል?» የሚለው የድሮ ሰበብ አልቋል። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ። መሬት የሚያስይዝ ወንድም የሚስቱን ፊርማ ለይስሙላ አያስፈርማት። ሁለት ፎቶ ያለበት ደብተር የሁለት ሰው ኑሮ ነው። እህቴ፣ ሳታነቢው አትፈርሚ። አንብቡልኝ በዪ፣ ነውር የለውም።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ደሴ ዙሪያ ስንት ሙስሊም ወገናችን ነው ወለድ ፈርቶ ከብድሩም ከቁጠባውም ርቆ የኖረው? ከወለድ ነጻ አገልግሎት ከተማ ውስጥ አንድ መስኮት ላይ ተጽፎ መቅረት የለበትም። ገጠር ይውረድ። የራሳችን ስንል ሁላችንንም ካላቀፈ የማን ነው?

እሺ፣ እስካሁን ባንኩን ነው የጠየቅነው። አሁን ወደ እኔና ወደ አንተ ልዙር፤ እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ።

በ2009 ዓ.ም ለወጣቱ አሥር ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። በየክልሉ ያሉ የብድር ተቋማት አከፋፈሉት፤ እኛ ጋር አብቁተ። «ተዘዋዋሪ» ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ከፍለህ ሌላው ይወስዳል ማለት ነው። ስንቶቻችን ነን የመለስነው? በግልጽ እንነጋገር። ያኔ አገሩ ሁሉ በተቃውሞ የሚናጥበት ጊዜ ነበር፤ ወጣቱ «መንግሥት አፌን ሊያዘጋ የሰጠኝ ነው፣ የፖለቲካ ብር ነው» ብሎ ወሰደው። በሐሳቡ ስህተት አልነበረበትም ይሆናል። ሰጪዎቹም አንዳንዶቹ በዚሁ ሐሳብ ነው የሰጡት፤ ሼድ አዘጋጅተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ ሪፖርት ጽፈው ሄዱ። ብሩ ግን ወደ መንግሥት ኪስ አይደለም የሚመለሰው። ከኋላህ ተራ ይጠብቅ ለነበረው የሠፈርህ ልጅ ነው። የእናቶቻችን ቡድን የሟች ጓደኛቸውን ቤት እዳ ከመቀነታቸው ፈተው ከፈሉ። እኛ ዲግሪ ይዘን፣ በአንድ ማህበር አምስት ሆነን ተፈራርመን፣ አንዳችን አረብ አገር አንዳችን አዲስ አበባ ጠፋን። ዛሬ ለወጣት ብድር ሲጠየቅ ባንኩ ፊቱን ቢያጠቁር አይግረምህ፤ ሁላችንንም በዚያ ሚዛን ነው የሚመዝነን።

ስለ ብሔርተኝነት ብዙ እንናገራለን። እኔ ግን የወሰደውን ብድር የመለሰ ወጣት ባገኝ ከመቶ ሰልፈኛ በላይ ለሕዝቡ ሰራ እላለሁ።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ግን ራሴን እታዘባለሁ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎና ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ ባንኮችና የብድር ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ኮምፒዩተር ተሰባብሯል፣ ወረቀት ተቃጥሏል። የገበሬው መረጃ ማለት ያ ወረቀት ነው። ያ ቁስል ሳይሽር በ2015 ዓ.ም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ገበያ ይቆማል። የተበደረ ሰው ከቀዬው ይፈናቀላል፤ ወለዱ ግን አይፈናቀልም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ለዚህ ሰው ባንኩ የእፎይታ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በልመና ሳይሆን በግልጽ በተለጠፈ መመሪያ። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ዋስ ፍለጋ ማሯሯጥ ግፍ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ይሄን ስማኝ። የየትኛውም ወገን ታጣቂ ይሁን፣ ሽፍታም ይሁን፣ የወረዳን ቅርንጫፍ የሚዘርፍ፣ የብድር ሠራተኛን የሚያግት ሰው ጠላት እየመታ አይደለም። ካዝናው ውስጥ ያለው የነዚያ ሴቶች የሽንኩርት ብር ነው። ሠራተኛው ሁለት ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ የገበሬ ልጅ ነው። እሱ ፈርቶ ከቀረ፣ ቅርንጫፉ ከተዘጋ፣ ማግስቱን ተመልሶ የሚመጣው ማን ነው? አራጣ አበዳሪው። እሱ ጦርነት አይፈራም፤ እንዲያውም ይከብርበታል።

ማዳበሪያውንም አትርሳ። በ2015 ክረምት ገበሬው ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ሲጮህ አይተናል። በሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት መቶን አለፈ። ማዳበሪያ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያው ገበሬ፣ ያው ሁለት ጥማድ መሬት፣ ግን የሚያስፈልገው ብድር እጥፍ ሆነ። በዚሁ ወቅት ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ብሎ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ላላ አደረገው። ገደቡ በሁሉም ላይ እኩል ነው ይሉሃል። ገና ዳዴ ለሚል ባንክና ግማሽ ምዕተ ዓመት ለገዘፈ ባንክ እኩል ገደብ እኩል ሸክም አይደለም። ጠባብ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን እንደሆነ ከላይ በሂሳቡ አሳይቼሃለሁ፤ አንዱ ሺህ ፋይል ነው።

በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮችም እንዲገቡ ፈቅዷል። ይግቡ። ናይሮቢና ዱባይ የለመደ ባንክ ቋራ ድረስ ወርዶ ሙክት ለምታደልብ ሴት ያበድራል ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም። ቦሌ ላይ ይቀመጣል፣ ትልልቁን ደንበኛ ይለቅማል። ጸደይ እዚያ ሜዳ ላይ ልወዳደር ካለ ይሸነፋል። የሚያሸንፍበት ሜዳ ማንም የማይመጣበት የራሱ ሜዳ ነው፤ ስሙን የሚያውቁበት፣ ከአባት እስከ ልጅ ማን ከፋይ ማን አጭበርባሪ እንደሆነ የሚያውቁበት።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንሰራውን ሥራ ልንገርህ፤ ሰልፍም ስብሰባም አይደለም። ባለህበት ወረዳ ያለውን ቅርንጫፍ ሂድና በትህትና ሁለት ቁጥር ጠይቅ። አንድ፦ ባለፈው በጀት ዓመት ከዚህ ወረዳ ስንት ብር ተቆጠበ? ሁለት፦ ለዚህ ወረዳ ሰው ስንት ብር ተበደረ? የግለሰብ ምስጢር አይደለም፤ ድምር ነው። ሥራ አስኪያጁ «አልተፈቀደልኝም» ካለህ አትጣላው፤ ማን እንደሚፈቅድ ጠይቀህ ስሙን ሳይሆን የሥራ መደቡን ጻፍ። የምክር ቤት አባልህንም ጠይቅ፤ ክልሉ ባለአክሲዮን ነውና ሪፖርቱ ይደርሳቸዋል። ተዘዋዋሪ ፈንድ ወስደህ ያልመለስክ ከሆንክ ግን፣ ቁጥሩን ከመጠየቅህ በፊት እዚያው መስኮት ላይ የራስህን ቀሪ እዳ ጠይቅ።

የሁለቱን ቁጥር መልስ ከየወረዳው ላኩልን። በዚህ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እያደረግን እንለጥፈዋለን። የእናቴ ወረዳ መልስ ስለደረሰኝ ከእሱ እጀምራለሁ፤ «ከበላይ ጠይቀን እንነግርሃለን፣ ሰኞ ተመለስ» ነው ያሉኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።